ደብዳቤና ነፃነት
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ለዛሬው ንግግራችን የአገራችንን የፖስታ ታሪክ መምረጣችን አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አልቀረም። ስለ ጦርነትና ስለ ውል መናገር ሲቻል፣ ስለ ቴምብርና ስለ ፖስታ ሣጥን ማውራት ምን ይጠቅማል የሚል አይጠፋም። የእኛ መልስ አጭር ነው፤ የኢትዮጵያ ፖስታ ታሪክ ከጦርነቱና ከውሉ ታሪክ የሚለይ አይደለም።

በ1881 ዓ.ም. ስለ ተፈረመው የውጫሌ ውል ሁላችንም ተምረናል። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ቅጂ ዐፄ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚላላኩት ጉዳይ ቢፈልጉ በኢጣልያ መንግሥት ረዳትነት መጠቀም እንደሚቻላቸው ይናገራል፤ በኢጣልያንኛው ቅጂ ግን ይኸው ፈቃድ ግዴታ ሆኖ ተጽፏል። ነገሩን ቀረብ ብለን ብንመለከተው ክርክሩ የደብዳቤ ክርክር ነበር፤ የኢትዮጵያ ንጉሥ ደብዳቤ በማን እጅ ይሂድ? ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ወደ አውሮጳ ነገሥታት በጻፉ ጊዜ፣ ከእንግሊዟ ንግሥት ከቪክቶሪያ የመጣላቸው መልስ እንዲህ ያለው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት በኩል መምጣት እንዳለበት የሚያስታውቅ ነበር። እንግዲህ በዚያን ጊዜ ለንጉሡ የቀረበው ጥያቄ፣ ደብዳቤህን ራስህ መላክ ትችላለህን? የሚል ነበር ማለት ነው።

መልሱን በዓመታት ቅደም ተከተል እንመልከት። በ1885 ዓ.ም. ምኒልክ ውሉን አፈረሱ። በ1886 ዓ.ም. መጋቢት ወር የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም አዘዙ። በ1887 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ሥራ ላይ ዋሉ። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ሆነ። ፖስታው የተቋቋመው የመንግሥቱ ህልውና ገና በክርክር ላይ ሳለ ነው።

ቴምብሮቹን በማሳተም ረገድ ብዙ የደከመው የምኒልክ አማካሪ የነበረው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነው። ፓሪስ ላይ የታተሙት ቴምብሮች ሰባት ዓይነት ነበሩ፤ ከሩብ ግርሽ እስከ ሁለት ግርሽ ያሉት አራቱ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፣ የ4፣ የ8 እና የ16 ግርሾቹ ሦስቱ ደግሞ ዘውድ የጫነውን አንበሳ የያዙ ናቸው። ዐሥራ ስድስቱ ግርሽ አንድ ብር ነበር። በቴምብሩ ላይ የተጻፈው የአገሪቱ ስም በራሳችን ፊደል ነው።

ቴምብር ማሳተም ግን ደብዳቤ ማድረስ አይደለም። በዚያን ጊዜ የባቡር ሐዲዱ ሥራ ገና አልተጀመረም። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ የመንግሥቱን ፖስታ በሽቅቡም በቁልቁለቱም ያመላለሱት እግረኛው፣ በቅሎውና ግመሉ ናቸው። ታሪክ የንጉሡንና የመሐንዲሱን ስም ሲያነሣ የእነዚያን መልእክተኞች ስም አላነሣም።

ሌላም ችግር ነበር። የኢትዮጵያ ቴምብር የሚያገለግለው እስከ ጠረፍ ድረስ ብቻ ነበር። ደብዳቤው ባሕር ለመሻገር በጅቡቲ በኩል የፈረንሳዮቹ ቴምብር ይጨመርበት ነበር። ዓድዋ ላይ ድል ያደረገ መንግሥት ቴምብሩ ከጠረፉ ወዲያ እንደ ተራ ወረቀት ይቆጠር ነበር ማለት ነው። ይህ የቀረው ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም. ጥቅምት ወር የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል በሆነች ጊዜ ነው። የኅብረቱ መሠረት ቀላል ነው፤ አባል አገሮች ሁሉ ለደብዳቤ እንደ አንድ አገር ይቆጠራሉ፤ አንዱ የሌላውን ቴምብር አክብሮ ደብዳቤውን ያደርሳል። ትንሹም ትልቁም መንግሥት በዚህ ሕግ እኩል ነው።

ጠላትም የቴምብርን ትርጉም አሳምሮ ያውቅ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ አዲስ አበባን በያዘ ማግሥት፣ የኢትዮጵያን ስም በራሱ ቋንቋ ጽፎ የቪክቶር ኢማኑኤልን መልክ ያተመበት ቴምብር አወጣ። ጥቂት ቆይቶም የኢትዮጵያ ስም ራሱ ቀርቶ በኢጣልያ ምሥራቅ አፍሪካ ስም ተተካ። ነፃነት በተመለሰ በዓመቱ፣ በ1934 ዓ.ም. አገሪቱ እንደገና የራሷን ቴምብር አወጣች።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ እስካሁን የተናገርነው ደብዳቤ ከአገር እንዴት እንደ ወጣ ነው። ወደ ገጠር እንዴት ገባ? ብለን ብንጠይቅ ግን ታሪኩ እንዲህ የሚያኮራ አይሆንም። አገራችን ደብዳቤን ከደጅ እስከ ደጅ የማድረስ ልማድ ሳይሰፋባት፣ ፖስታው በሣጥን ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ኖረ። ሣጥን ያለው ደግሞ መሥሪያ ቤቱ፣ ነጋዴውና የከተማው ሰው ነው። ገበሬው ደብዳቤ የሚደርሰው በትምህርት ቤት ወይም በመሥሪያ ቤት ሣጥን በኩል፣ አለዚያም በመንገደኛ እጅ ነበር። ማንበብ ለማይችለውም ደብዳቤውን የሚያነብለት ሌላ፣ መልሱን የሚጽፍለት ሌላ ነበር። የልቡን ምሥጢር ሦስት ሰው ሳይሰማው ለልጁ ለመላክ የማይችል ወላጅ፣ ያ በ1882 ዓ.ም. ለምኒልክ የቀረበው ጥያቄ ለእርሱም ቀርቦለታል።

ዛሬ የእጅ ስልክ ስላለ ፖስታ ሞቷል የሚሉ አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ድምፅ በስልክ ይሄዳል፤ መጽሐፍ፣ መድኃኒት፣ የፍርድ ቤት መጥሪያና ማኅተም ያረፈበት ሰነድ ግን ተሸክሞ የሚያደርስ ይፈልጋሉ። የዓለም ፖስታ ኅብረት በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ልዩ ጉባኤውን በአዲስ አበባ ማድረጉ አገራችን በኅብረቱ ዘንድ ያላትን ስፍራ ያሳያል። ከዚህ ክብር ጋር ግን ዕዳም አለ፤ ይኸውም የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም ለሌለው ዜጋ አድራሻ መስጠት ነው።

ስለዚህ ጂኦግራፊ፣ ሕግ፣ ምሕንድስናና አስተዳደር የምንማር ሁሉ፣ ይህን ጉዳይ የመመረቂያ ጽሑፋችን ርእስ እናድርገው እንላለን። አባቶቻችን የኢትዮጵያ ደብዳቤ በራሷ ቴምብር ባሕር እንዲሻገር አደረጉ። ለእኛ የቀረልን ከፖስታ ቤቱ ሣጥን እስከ ገበሬው ደጅ ያለው መንገድ ነው።