የተመጣጠነ ምግብ በጾምና በፍስክ፦ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ድርሻ

(በኮዬ ፈጬ ለአካባቢው አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ካህናትና የሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ በመካከላችሁ ቆመን የምንናገረው ስለ ዕለት ምግባችን ነው። ይህ ጉዳይ ለጤና ባለሙያ እንጂ ለካህን የማይገባ የሚመስለው ቢኖር፣ የምእመናንን ማዕድ ከማንም በላይ የምታውቀውና የምትመራው ቤተ ክርስቲያን መሆኗን ያስተውል። ምእመናን በየትኛው ቀን ከምን እንደሚከለከሉ፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆዩ፣ ሕመም ወይም ወሊድ ሲያጋጥማቸው ምን ማድረግ እንዳለባቸው የሚጠይቁት የንስሐ አባታቸውን ነው። ከበዓለ ሃምሳ በቀር በየሳምንቱ በሚጾሙት ረቡዕና ዓርብ ላይ ዐቢይ ጾምን፣ ጾመ ነቢያትን፣ ጾመ ሐዋርያትን፣ ጾመ ፍልሰታንና የቀሩትን ስንደምር፣ በዓመት ከ180 በማያንሱ ቀናት ከጥሉላት እንርቃለን። ስለዚህ በአገራችን ስለ ተመጣጠነ ምግብ የሚሰጥ ትምህርት የጾሙን ማዕድ ከዘነጋ የዓመቱን እኩሌታ ዘነጋ ማለት ነው።

ጠግቦ መራብ

ይህ የተሰበሰብንበት የኮዬ ፈጬ ምድር ከጥቂት ዓመታት በፊት የአርሶ አደር ማሳ ነበር። ዛሬ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ከዳር እስከ ዳር ቆመውበታል። በአጥቢያዎቻችሁ ሁለት ዓይነት ምእመናን ጎን ለጎን ያስቀድሳሉ፤ አንዱ ከመሃል አዲስ አበባ ተነሥቶ በአዲስ ሕንፃ የሰፈረ ነው፤ ሌላው ምድሪቱን ሲያርስ የኖረ፣ አሁን ግን ማሳው የተወሰደበት ነው። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ያሉ አጥቢያዎችም ይህንኑ ያውቁታል። ሁለቱንም ወገኖች አንድ ያደረጋቸው የሚበሉትን ሁሉ በገንዘብ መግዛታቸው ነው። ቀድሞ ከጓሮው ጎመን የሚቀነጥስ፣ ከላሙ ወተት የሚያልብ፣ ከዶሮው ዕንቁላል የሚያነሣ ቤተ ሰብ ዛሬ ሁሉንም በዋጋ ያገኛል።

ገንዘብ ሲያጥር ከማዕዱ አስቀድሞ የሚጎድለው እንጀራው አይደለም። አስቀድሞ የሚጎድሉት ጎመኑ፣ ፍራፍሬው፣ ዕንቁላሉና ወተቱ ናቸው። ሆድ በእንጀራና በስስ ሽሮ ይሞላል፤ ልጁም ጠግቦ ያድራል፤ ሰውነቱ ግን የሚያስፈልገውን አላገኘም። ይህ ረኀብ ጩኸት የለውም። የሚታወቀው ልጁ በዕድሜው ልክ ሳያድግ ሲቀር፣ እናቲቱ ደረጃ ስትወጣ ሲያዞራት፣ ተማሪው በትምህርት ሰዓት ሲያንቀላፋ ነው።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። በዚያው ዳሰሳ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉት 57 በመቶው፣ በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶችም 24 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት መካከል በዓይነትም በድግግሞሽም የሚበቃውን ያህል ምግብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ባወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን የምግብ እጥረት ለማስወገድ የተነሣው ይህን የመሰለ ጉዳት ከፊቱ ስላየ ነው። በተለይ ከፅንስ እስከ ሁለተኛ ልደት ባሉት 1000 ቀናት የጎደለው አእምሮንና ቁመናን ስለሚነካ፣ በኋላ መመለሱ እጅግ ይከብዳል።

የጾም ማዕድ ባለጠጋ ነው

የተመጣጠነ ምግብ ሲባል ኃይል የሚሰጡት፣ ሰውነት የሚገነቡትና በሽታ የሚከላከሉት በአንድ ማዕድ ተገናኝተው ማለት ነው። እህልና ሥራ ሥር፣ ጥራጥሬ፣ የቅባት እህል፣ አትክልትና ፍራፍሬ፣ በፍስክ ጊዜም ወተት፣ ዕንቁላል፣ ዓሣና ሥጋ እያንዳንዳቸው ሌላው የማይሸፍነው ድርሻ አላቸው።

የጾም ምግብ በራሱ ደካማ ነው የሚለውን አሳብ እኛ አንቀበልም። አባቶቻችን ያወረሱን የጾም ማዕድ ምስር፣ አተር፣ ሽምብራና ባቄላ፣ ሱፍ፣ ተልባ፣ ሰሊጥና ኑግ፣ ጎመን፣ ዱባና ቀይ ሥር የነበሩበት ነው። ነቢዩ ዳንኤልና ሦስቱ ወጣቶች የንጉሡን ማዕድ ትተው ጥራጥሬ በመብላታቸው ፊታቸው አምሮ መገኘቱን ቅዱስ መጽሐፍ ይነግረናል። በጸሎተ ሐሙስ የምንመገበውን ጉልባን እንመልከት። ስንዴውና ባቄላው በአንድነት ሲቀቀሉ፣ በስንዴው የሚያንሰውን የገንቢ ንጥረ ነገር ክፍል ባቄላው ይሞላዋል፤ በባቄላው የሚያንሰውንም ስንዴው ይሞላል። እንጀራ ከሽሮ ወይም ከምስር ጋር የሚስማማውም በዚሁ ምክንያት ነው። ባቄላን ዘፍዝፎ በቆልት ማድረግና ሊጥን አቡክቶ ማብላላት ደግሞ በእህሉ ውስጥ ያለው ብረት በቀላሉ ወደ ሰውነት እንዲገባ ይረዳል።

የደኸየው የአያቶቻችን ጾም ሳይሆን የእኛ ማዕድ ነው። ከሰኞ እስከ እሑድ አንድ ዓይነት ሽሮ ስንደግም፣ ከጾም መፍቻው ሰዓት በኋላም ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ በለስላሳ መጠጥ ስናወራርድ ጾማችን ከጥሉላት የራቀ ቢሆንም ለሥጋ ጤና አይበጅም። የስኳር ሕመምና የደም ግፊት ወደ ከተሞቻችን ዳርቻ የደረሱት ከዚህ አበላል ጋር ነው።

በጥቂት ወጪ የሚደረግ ብዙ ነገር አለ። በሽሮው ወይም በክኩ አጠገብ በየቀኑ አንድ አረንጓዴ ቅጠል፣ ጎመን ወይም ቆስጣ፣ ይጨመር። ካሮትና ዱባ ሲሠሩ ጥቂት ዘይት ይግባባቸው፤ በውስጣቸው ያለውን ቪታሚን ኤ ሰውነት የሚቀበለው ከቅባት ጋር ነውና። በምስሩ ላይ ሎሚ ይጨመቅ ወይም ቃሪያና ቲማቲም ይቅረብ፤ ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ያግዛሉ። ሻይና ቡና ግን ይህንኑ ብረት ስለሚይዙ ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ይራቁ። ጨው በአዮዲን የበለጸገ ይሁን፤ መጠኑም የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም አይለፍ።

ድስቱ ይለይ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንመጣለን። ቤተ ክርስቲያናችን ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ለጾም አታስገድድም። ሕመምተኞች፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶችም ከንስሐ አባታቸው ጋር ተመካክረው እንደ ዐቅማቸው ይሆናሉ። ሥርዓቱ ይህ ሆኖ ሳለ በቤታችን የሚታየው ሌላ ነው። እናቲቱ ጾመኛ ናት፤ ድስቷ በጥሉላት እንዳይነካባት ትሰጋለች፤ ስለዚህ ለሕፃኑ ዕንቁላል አትቀቅልም፣ ወተት አታፈላም። የአንድ ዓመት ሕፃን ማንም ሳያዝዘው የዐቢይ ጾምን 55 ቀናት ከወላጆቹ ጋር ይጾማል። ይህን ልማድ በልዩ ልዩ የአገራችን ክፍሎች የሚያጠኑ የጤና ባለሙያዎች ደጋግመው መዝግበውታል።

ሕፃኑ እስከ ስድስት ወር የእናቱ ጡት ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ግን ሆዱ ትንሽ፣ የሚያስፈልገው ብዙ ስለሆነ በጥቂት ጉርሻ ብዙ የሚሰጥ ምግብ ያሻዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ6 እስከ 23 ወር ያለ ሕፃን ሥጋ፣ ዓሣ ወይም ዕንቁላል በየቀኑ እንዲያገኝ ይመክራል። ቢ 12 የተባለው ቪታሚን ከዕፀዋት አይገኝም። ጎልማሳ በፍስክ ወራት ያከማቸውን ይዞ ጾሙን ይሻገራል፤ ሕፃኑ ግን ገና ያከማቸው የለውም።

መፍትሔው አንዲት ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ ናቸው። ለሕፃኑ ብቻ ተለይተው ይቀመጡ። ይህን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ብትናገር እናቲቱ ትሰማለች፤ የንስሐ አባቷ ሲነግራት ግን ኅሊናዋ ያርፋል። ስለዚህ አባቶች ሆይ፣ ይህ ቃል ከእናንተ አፍ ይጠበቃል።

በዚህ ላይ አንድ መራራ እውነት እንጨምር። በብዙ ድሆች ቤት ፍስኩም እንደ ጾም ነው። ፋሲካ አልፎ በዓለ ሃምሳ ገብቶ ወተት ያልቀመሰ ልጅ በአጥቢያችሁ አለ። ነቢዩ ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ እውነተኛውን ጾም ለተራበ ከማካፈል ጋር ማያያዙን ታስተምራላችሁ። በጾም የተረፈው የሥጋና የቅቤ ወጪ ለእነዚህ ልጆች ዕንቁላልና ወተት ቢሆን ጾማችን ፍሬ ያፈራል።

አጥቢያው ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ጾም ከመግባቱ በፊት ባለው እሑድ ስለ ሕፃናት፣ ስለ ነፍሰ ጡሮችና ስለሚያጠቡ እናቶች በዐውደ ምሕረት በግልጽ ይነገር። መድኃኒት የሚወስዱ የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማንም ሐኪማቸውንና የንስሐ አባታቸውን ሳያማክሩ መድኃኒት እንዳያቋርጡ ይመከሩ።

ሁለተኛ፣ ሰንበቴውና ዝክሩ መማሪያ ይሁኑ። በዳቦውና በጠላው ላይ ንፍሮ፣ ጎመንና ክክ ቢጨመር፣ ምእመናን በዓይናቸው ያዩትን በቤታቸው ይደግሙታል።

ሦስተኛ፣ የአብነት ተማሪዎች ይታሰቡ። የቆሎ ተማሪ የሚለው ስም ትዕግሥትን ያስተማረን የክብር ስም ነው፤ ነገር ግን በማደግ ላይ ያለ ልጅ በደረቅ ቁራሽ ብቻ ቅኔውንም ዜማውንም መሸከም ይከብደዋል። ሰበካ ጉባኤው ለእነርሱ በሳምንት ጥቂት ቀን እንኳ ጥራጥሬና አትክልት፣ በፍስክም ዕንቁላል ይመድብ።

አራተኛ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ይልማ። በአቃቂ ወንዝ ዳርቻ በተበከለ ውኃ በሚለሙ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። አትክልትን በንጹሕ ውኃ ማጠብ ተሕዋስያንን ይቀንሳል፤ ወደ ተክሉ የገባውን ብረት ግን አያወጣም። ስለዚህ በንጹሕ ውኃ የሚለማ ጎመን፣ ቆስጣና ካሮት በቅጥራችሁ ቢኖር ለነዳያንና ለአብነት ተማሪዎች ማዕድ ይሆናል። ሕንፃ ላይ የሚኖሩ ምእመናንም በጆንያና በአሮጌ ባልዲ በረንዳቸው ላይ ጎመን መትከልን ከዚያ ይማራሉ። ማሳቸው የተወሰደባቸው አርሶ አደሮች ለዚህ ሥራ መምህራን ናቸው፤ የልማት ክፍላችሁ ጥሪ ያድርግላቸው። ምድራቸውን ቢያጡ እውቀታቸው አብሯቸው አለ።

እነዚህ አራቱ ከፍተኛ በጀት አይጠይቁም። ከሁሉ አስቀድሞ ግን፣ ሌላው ሁሉ ቢዘገይ እንኳ፣ የመጀመሪያው አይዘግይ። ጾሙ በገባ ቁጥር አንድ ሕፃን ሳይገባው የሚጾምበት ቤት በአጥቢያችሁ እንዳይኖር፣ ከሚቀጥለው ጾም ዋዜማ ጀምሮ ቃሉ ይነገር። እግዚአብሔር አምላክ ማዕዳችንን ይባርክልን፤ ልጆቻችንን በቁመትና በጥበብ ያሳድግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።