አብራሪውን ያሳሳተችው የአጥቢያ ኮከብ

በወልድያ፣ በመርሳ፣ በስሪንቃና በመላው ሀብሩ ያላችሁ አድማጮች፣ የዛሬው ጨዋታችን ሰማይ ላይ ነው።

ጥር 2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በደቡብ ኢትዮጵያ ሰማይ እየተንቦገቦጉ የሚሄዱ ነገሮች ታይተው፣ በስልክ የተቀረጸው ምስል አገር ምድሩን አዳርሶ ነበር። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ የጠፈር ፍርስራሽ ወይም የተወርዋሪ ኮከብ ስብርባሪ ሊሆን እንደሚችል ገለጸ። ያኔ በአፋር በኩል ምድር እየተንቀጠቀጠ ነበርና ሰው የላዩንና የታቹን አገናኝቶ ቢሰጋ አይፈረድበትም። እኛም ብንሆን ባለፉት ዓመታት ከላይ የሚመጣን ድምፅ በስጋት ማዳመጥ ለምደናል። ስለዚህ «አየሁ» የሚልን ሰው ማሸማቀቅ ነውር ነው። ማየቱን አየ፤ ጥያቄው ያየው ነገር ምን ያህል ይርቃል የሚለው ነው።

አብራሪዎችም በዚሁ ይፈተናሉ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 2011 ሌሊት የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 ከቶሮንቶ ወደ ዙሪክ አትላንቲክን እያቋረጠ ነበር። ረዳት አብራሪው ከሸለብታው እንደነቃ ከፊቱ ደማቅ ብርሃን አየና አውሮፕላን ነው አለ። ብርሃኑ ግን ቬነስ ነበረች። ዋናው አብራሪ እውነተኛው አውሮፕላን 1,000 ጫማ ዝቅ ብሎ እየመጣ መሆኑን አሳየው። ረዳቱ ግን ገና አልተረጋጋም፤ ወደ እነሱ እየወረደ ስለመሰለው መሪውን ወደ ፊት ገፋ። አውሮፕላኑ በድንገት ቁልቁል ሲል 16 ሰዎች ተጎዱ።

ቬነስ የእኛው የአጥቢያ ኮከብ ናት፤ ገበሬው በሬ የሚጠምድባት። በማለዳ በምትታይባቸው ወራት፣ ጎህ ሳይቀድ በሚኒባስ ከወልድያ ወደ መርሳ ስትወርዱ በግራ መስኮት፣ በአፋር በኩል እዩዋት። ባሕር ዛፉ ወደ ኋላ ይሮጣል፣ ኮረብታውም ቀስ ብሎ ይሸሻል፤ እሷ ግን ከመኪናው እኩል ትሄዳለች። መኪናው ሲታጠፍ ትዘላለች፣ ሲቆም ትቆማለች። የምትከተል የሚመስለው ርቀቷ በአስር ሚሊዮኖች ኪሎ ሜትር ስለሚቆጠር ነው፤ የእኛ 30 ኪሎ ሜትር ለእሷ እንዳልተነቃነቅን ያህል ነው። እኛ ቢያንስ ዛፍና ኮረብታ አለን። አብራሪው በጨለማ ውቅያኖስ ላይ ርቀት የሚለካበት አንዳች ነገር የለውም።

አሁን ደግሞ ሳተላይቱ በዝቷል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 2022 ፓስፊክ ላይ ይበሩ የነበሩ የሁለት አውሮፕላኖች አምስት አብራሪዎች ቦግ እልም የሚሉ መብራቶች አይተው ፎቶ አነሱ። ኋላ ሲመረመር ኢንተርኔት የሚያሰራጩት የስታርሊንክ ሳተላይቶች ሆነው ተገኙ። ነገሩን ለመረዳት የወልድያን ምሽት አስቡ፤ ከተማው ጥላ ከገባ በኋላም በምሥራቅ ያሉት ተራሮች አናት ላይ ፀሐይ ትቆያለች። 550 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሳተላይት ደግሞ እኛ ጋ ጽልመት ሆኖም ፀሐይ ይመታዋል። አንዱ አብለጭልጮ ሲጠፋ ቀጣዩ እዚያው ቦታ ይበራል፤ ዓይን ሁለቱን አገናኝቶ አንድ የሚያንዣብብ ነገር ያደርጋቸዋል።

የናሳ የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ ሰማይ ላይ ታይተው ምንነታቸው ያልታወቀ ነገሮች ከሌላ ዓለም የመጡ ለመሆናቸው ማስረጃ እንዳላገኘ፣ ትልቁም ችግር የመረጃው ጥራት እንደሆነ ገልጿል። እኔም የምለምናችሁ ይህንኑ ነው፤ ስታዩ ሰዓቱን ያዙ፣ ከየትኛው ተራራ በላይ እንደሆነ ልብ በሉ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጡጫችሁን ከአድማሱ ላይ ደርድሩ፤ አንድ ጡጫ 10 ዲግሪ ያህል ነው። «ሦስት ጡጫ ከፍታ ላይ፣ በምሥራቅ» ማለት «በጣም ትልቅ ነበር» ከማለት እጅግ ይበልጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ኬንያ ውስጥ፣ ሙኩኩ በምትባል መንደር፣ 2.5 ሜትር ስፋትና 500 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ያለው የብረት ቀለበት ከሰማይ ወድቋል። እናንተም ማሳ ውስጥ የማታውቁት ብረት ብታገኙ፣ ከሕዋም ይምጣ ከጦርነት የተረፈ ይሁን፣ አትንኩት፤ ልጆችን አርቃችሁ ለቀበሌ ንገሩ።