ባንዲራና እንጀራ፦ የኦሴያ ኮሊኒሳው የራግቢ ሕይወት ከፊጂ እስከ ሂውስተን



ስለ ስፖርትና ስለ ስደት በተወያየን ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሣል። ከአገሩ ወጥቶ በባዕድ ክለብ የሚጫወት ሰው ለአገሩ ጠፋ ይባላልን? ይህን ጥያቄ ዛሬ በአንድ ሰው ሕይወት ልመረምረው እወዳለሁ። እርሱም ፊጂያዊው የራግቢ ተጫዋች ኦሴያ ኮሊኒሳው ነው።

ፊጂ በደቡብ ፓስፊክ የምትገኝ፣ ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን የማይሞላ የደሴቶች አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ መሳተፍ ከጀመረች በኋላ ለስድሳ ዓመታት አንድም ሜዳልያ አላገኘችም ነበር። በ2016 በእያንዳንዱ ወገን ሰባት ተጫዋቾች የሚሰለፉበት ራግቢ በሪዮ ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሊምፒክ ውድድር ሆነ። ኮሊኒሳው በመክፈቻው ሥነ ሥርዓት የአገሩን ባንዲራ ያዘ፤ በሜዳም አምበል ሆኖ ቡድኑን መራ። በፍጻሜው ጨዋታ የመጀመሪያውን ነጥብ ያስቆጠረው እርሱ ሲሆን፣ ፊጂ ታላቋን ብሪታንያን 43 ለ 7 አሸነፈች። ከዚያ ስድስት ወር ያህል ቀደም ብሎ ዊንስተን የተባለው አውሎ ነፋስ ከ40 በላይ ፊጂያውያንን ገድሎ ስለ ነበር፣ ድሉ ለሐዘንተኛ ሕዝብ መጽናኛም ሆነ። መንግሥት ለመታሰቢያው የሰባት ዶላር የወረቀት ገንዘብ ሲያሳትም የኮሊኒሳውን ምስል አኖረበት።

ይሁን እንጂ ምስሉ በገንዘብ ላይ የታተመለት ሰው እንኳ እንጀራውን ፍለጋ ባሕር ተሻገረ። በ2018 በሰባት ክለቦች በተጀመረው የአሜሪካ ሜጀር ሊግ ራግቢ ለሂውስተን ሴበርካትስ ተጫወተ። እዚህ ላይ አንድ የታሪክ ግጥምጥሞሽ አለ። አሜሪካ በ1920 እና በ1924 በዐሥራ አምስት ተጫዋቾች የሚካሄደውን የኦሊምፒክ ራግቢ አሸንፋለች። ከዚያ በኋላ ራግቢ ለ92 ዓመታት ከኦሊምፒክ ስለ ወጣ፣ እስከ ሪዮ ድረስ የመጨረሻው ወርቅ የእርሷ ነበር። በሪዮ ግን ዘጠነኛ ሆነች። ሊግ የማቋቋም አቅም ያለው በአንዱ አገር፣ የተጫዋች ብዛት ያለው በሌላው መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

የዚህ ጉዞ ውጤት በአንድ ትውልድ አያበቃም። በዓለም ራግቢ ደንብ መሠረት ተጫዋች የሚሰለፍለት አገር በትውልድ ቦታው፣ በወላጁ ወይም በአያቱ የትውልድ ቦታ፣ አለዚያም በነዋሪነት ይወሰናል። የነዋሪነቱ ዘመን ቀድሞ ሦስት ዓመት ሲሆን፣ ኋላ ወደ አምስት ከፍ ብሏል። ስለዚህ ከፊጂያውያን ወላጆች በአሜሪካ የተወለደ ልጅ ሁለት ማልያዎች በፊቱ ተዘርግተው ይጠብቁታል። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ለአንድ አገር የተሰለፈ ተጫዋች ሦስት ዓመት ከዓለም አቀፍ ጨዋታ ከራቀ፣ እርሱ፣ ወላጁ ወይም አያቱ ወደ ተወለደበት አገር ቡድን መዛወር ይችላል። ደንቡ ራሱ ስደትን የአንድ አቅጣጫ መንገድ ማድረግን ትቷል ማለት ነው።

ኮሊኒሳውም ተመልሷል። በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ የፊጂን ቡድን በአሠልጣኝነት መርቶ ለፍጻሜ አደረሰ። በፍጻሜው ፈረንሳይ 28 ለ 7 ስታሸንፍ፣ ፊጂ በኦሊምፒክ 17 ጨዋታ ሳትሸነፍ የዘለቀችበት ጉዞ ተቋረጠ፤ እርሱም ከብር ሜዳልያ ጋር ወደ አገሩ ገባ።

ከአንድ ሰው ሕይወት አጠቃላይ ሕግ ማውጣት እንደማይገባ አውቃለሁ። ከሄዱት ብዙዎቹ በሄዱበት ይቀራሉ። ነገር ግን ጥያቄያችን የተሳሳተ ይመስለኛል። ልንጠይቅ የሚገባን ሰውየው ለምን ሄደ ብለን ብቻ ሳይሆን፣ ሲመለስ የሚሠራበት ቦታ ጠብቆት ነበርን ብለን ነው። ፊጂ ለኮሊኒሳው ቦታ ነበራት። ባንዲራውን የያዘ ሰው እንጀራውን በሌላ ስፍራ ቢፈልግ ከዳተኛ አይባልም፤ አገሩ በሩን ከዘጋችበት ግን በእርግጥ ይጠፋል።