ጩኸቱን ለአደጋ ቀን እናስቀምጠው
(በእሑድ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)

እህቶቼ፣ ያለችን አንድ እሑድ ናት። ከዶራም፣ ከአሽራፊዬም፣ ከዚሁ ከቡርጅ ሐሙድም ዕረፍታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። መውጣት ያልተፈቀደላቸው እህቶቻችን ደግሞ ይሄንን በጽሑፍ ያገኙታል።

ዛሬ የማወራው ልጆች ሳንጮህባቸው እንዲሰሙን ስለማድረግ ነው። ለእኛ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ አድርጓታል። መኖሪያ ፈቃዳችንም በካፊሉ እጅ ነው። ልጁ ለእናቱ «ጮኸችብኝ» ቢላት የእኛን ወገን ማን ይጠይቃል? ስድብ አለ፣ ወደ ቢሮ መመለስ አለ።

ሌላው ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ኦገስት 4 ቀን 2020 የወደቡን ፍንዳታ የሰማ ልጅ፣ በ2024ቱ ጦርነት ከዳሂዬ ወይም ከደቡብ ቤቱን ጥሎ የወጣ ልጅ፣ በር ሲላተም እንኳ ሊደነግጥ ይችላል። እኛስ እንደነግጥ የለ? እንዲህ ያለ ልጅ ላይ ስንጮህ የሚሰማው ድምፁን ነው፣ ቃሉን አይደለም። ፈርቶ ዝም ይላል እንጂ ምን ማድረግ እንዳለበት አልተማረም።

አገራችን «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» ይባላል። ብዙዎቻችን በቁንጥጫና በአርጩሜ አድገናል፤ በርበሬ የታጠነም አለ። እናቶቻችንን ለመውቀስ አይደለም። ግን ልጅን ሥርዓት ማስያዝ በጩኸት ብቻ ነው ያለው ማነው?

እስቲ የሚሠራውን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ከኩሽና ሆናችሁ ሳሎን ያለውን ልጅ አትጥሩ። እጃችሁን ጠረግ አድርጋችሁ ሂዱ፣ በርከክ በሉ፣ ስሙን ጥሩት፣ ዓይኑ ወደ እናንተ ሲዞር ተናገሩ። ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። አሥር ጊዜ መጥራት ግን ከዚያ በላይ ይወስዳል።

ሁለተኛ፣ እንዲያደርግ የምትፈልጉትን ንገሩት። «አትሩጥ» ከማለት «ሽዋይ ሽዋይ፣ በእግርህ» በሉት። አጭር ይሁን። ዐረብኛዬ አይበቃም የምትሉ፣ እንዲያውም ይሄ ይጠቅማችኋል። ትንሽ ልጅ ረጅም ንግግር አይሰማም።

ሦስተኛ፣ አስቀድማችሁ አሳውቁት። ጨዋታ ላይ ያለን ልጅ ድንገት ጎትቶ ማንሳት ለቅሶ ነው የሚያመጣው። ትንሽ ልጅ ሰዓት አያውቅም፤ «ይሄ ካርቱን ሲያልቅ ገላ እንታጠባለን» ማለት ግን ይገባዋል። ሲያልቅ ቃላችሁን ጠብቁ። ዛሬ ብትተዉት ነገ አያምናችሁም።

አራተኛ፣ ትንሽ ምርጫ ስጡት። ይተኛል፣ እሱ አይቀርም። ግን ሰማያዊውን ፒጃማ ነው ወይስ ቀዩን? ሥራም ስጡት። ልብስ ስታሰጡ መቆንጠጫውን ያቀብላችሁ። «ጎበዝ» ብቻ አትበሉት፤ «መቆንጠጫውን ስላቀበልከኝ ቶሎ ጨረስኩ» በሉት። የረዳው ነገር ሲነገረው ነገም መርዳት ይፈልጋል።

እምቢ ሲልስ? አትከራከሩ። «መጫወት እንደምትፈልግ አውቃለሁ። አሁን ጫማ ነው» በሉትና አጠገቡ ቁሙ። ያንኑ ቃል በዚያው ድምፅ ድገሙት። የመጀመሪያ ቀን ላይሠራ ይችላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

የሰው ቤት ለምንሠራ አንድ ነገር ልጨምር። ሕጉን ልጁ በሌለበት ማዳምን ጠይቋት፦ «ማዳም፣ ቴሌቪዥን ስንት ሰዓት ይዘጋ? ከእራት በፊት ቸኮሌት ይፈቀዳል?» ከዚያ በኋላ ትእዛዙ የእሷ ነው፣ ጠቡም በእናንተና በልጁ መካከል አይሆንም። ልጁ እናቱ እንደምትጮህብን ቢጮህብን ደግሞ «ቀስ ብለህ ንገረኝ፣ እሰማሃለሁ» በሉት። በቤቱ ውስጥ ሌላ ዓይነት አነጋገር የሚሰማው ከእኛ ብቻ ሊሆን ይችላል።

እዚሁ ወልዳችሁ በአንዲት ክፍል የምታሳድጉ እህቶች ድካማችሁ ይገባኛል። መብራት የለም፣ ኪራይ አለ፣ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል። ንዴት ሲመጣ ልጁ ከአደጋ ራቅ ማለቱን እዩና በር ላይ ቁሙ፣ ውሃ ጠጡ። ከዚያ ተመለሱ። አጠገባችሁ ያለች እህት አንድ ሰዓት ብትይዝላችሁ ደግሞ ከማንኛውም ምክር ይበልጣል። ማኅበር ያልነው ለዚህም ነው።

አገር ቤት ልጅ ያላችሁ፣ አያትየው ስልኩን «እንኪ፣ ተቆጫት» ብላ ስትሰጣችሁ ጊዜያችሁን በቁጣ አትጨርሱት። መጀመሪያ ምን እንደበላች፣ ከማን ጋር እንደተጫወተች ጠይቋት። ድምፃችሁን የምትናፍቅ ልጅ ስልክ ሲጮህ መሸሽ የለባትም።

ጭራሽ አንጮህም እያልኩ አይደለም። ልጁ በረንዳ ላይ ከተንጠለጠለ፣ ወደ ጋዝ ምድጃ እጁን ከሰደደ፣ ወደ መኪና መንገድ ከሮጠ ጩኹ፣ ሩጡ፣ ያዙት። ግን ቀኑን ሙሉ ለካልሲና ለሾርባ ስንጮህ ከዋልን፣ ያቺን የበረንዳዋን ጩኸት ከሌላው በምን ይለያታል? ለመደው እኮ! ጩኸታችን ነፍስ እንዲያድን ከፈለግን ለዚያ ቀን እናስቀምጠው።

በዚህ ሳምንት ከነገርኳችሁ አንዷን ብቻ ሞክሩ። በሚቀጥለው እሑድ የሠራውንም ያልሠራውንም እንነጋገራለን።