ፓምፑ ሲነሳ የሚዘለው ቁጥር

ዛሬ የውኃ ፓምፕ ለሚተክሉ ባለሙያዎች አንድ ነገር እንበል።

ፓምፑ ሲነሳ የታንከሩ መለኪያ ቁጥር ከዘለለ ሴንሰሩን ለመቀየር አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የገመዱ አዘረጋግ ነው። የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ኢንቨርተር ኤሌክትሪኩን በሰከንድ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ያበራል፣ ያጠፋል። ከሴንሰሩ የሚመጣው ምልክት ግን ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር ብቻ ነው። የሞተሩንና የሴንሰሩን ገመድ በአንድ ቱቦ ከሰደዳችኋቸው ምልክቱ ይረበሻል። ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር አራርቋቸው፤ መሻገር ግድ ከሆነ መስቀልኛ ይለፉ።

የሞተሩ ገመድ መከለያ በሁለቱም ጫፍ መሬት ይታሰር፤ የሴንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ በፓነሉ በኩል ብቻ። መከለያውን ጠምዝዞ በቀጭን ሽቦ ማሰር ግን ከንቱ ልፋት ነው፤ ዙሪያውን በብረት ማቀፊያ ይያዝ። ይቺን ስንቱ ኤሌክትሪሻን ይንቃታል!