በጊዮርጊስ ዙሪያ ያለ ማዕድ

እርሱ፦ እኅቴ ሆይ፣ በአዲስ አበባ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል ባለው በእቴጌ ጣይቱ ሆቴል፣ እህል በገንዘብ ገዝቶ መብላት ነውር በነበረበት ዘመን፣ ዐፄ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው በልተው፣ ሒሳብም ከፍለው ሕዝቡን እንዳስለመዱ ይተረካል።

እርሷ፦ እውነት ነው፤ ነገር ግን የዚያው የአራዳ አካባቢ የሌሊት ማዕድ በሆቴል ብቻ አልተወሰነም፤ በዶሮ ማነቂያ ሠፈር፣ ሥጋው ከተሰቀለበት ተቆርጦ፣ ቢላዋና አዋዜ ቀርቦ፣ ባለጸጋውና ወዝ አደሩ ትከሻ ለትከሻ ይቀመጡ ነበር።

እርሱ፦ ሠፈሩ በ2016 ዓ.ም. ፈረሰ፤ በምትኩ ጎዳናው መስፋቱስ መልካም አይደለምን?

እርሷ፦ መስፋቱን አልነቅፍም፤ ዳሩ ግን አስተናጋጁ ደንበኛውን በስሙ የሚጠራበት ቤት በመብራት ብዛት አይተካም።

እርሱ፦ በዚህስ እስማማለሁ፤ በጣይቱ ሆቴል የነበረው የሙዚቃ ቤት ጃዝ አምባም በጥር 2007 ዓ.ም. በሆቴሉ ቃጠሎ ጠፍቷል።

እርሷ፦ ሆቴሉ ግን ቆሟልና፣ አድማጮቻችን ሆይ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ታሪኩንም በማዕዱ ላይ ንገሯቸው።