ብድሩ ከላሟ ጋር አይሞትም
(ለማኅበራችን አባላትና ደጋፊዎች የቀረበ ንግግር)



በሚዛንና በቴፒ አካባቢ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይጥላል። ቡናችን የሚወደው ይህ እርጥበት ለላሞቻችን ፈተና ነው። ጭቃ ላይ የምታድር ላም ሰኮናዋ ይበሰብሳል፣ ጡቷ ይታመማል፤ ጥጃዋንም ብርድ ያጠቃዋል።

ስለዚህ ክረምቱ ሳይበረታ በረቱን ከፍ ባለ ቦታ እንሥራ፤ ወለሉን በድንጋይ ዘንበል አድርገን እናንጥፍ፣ ዙሪያውን ቦይ እንቅደድ። እበቱን በየማለዳው ጠርገን ለእንሰቱና ለቡናው ማዳበሪያ እናድርገው። ረግረግ ላይ የሚግጥ ከብት ለአልቅትና ለጉበት ትል ይጋለጣልና የዝሆን ሣርና የእንሰት ቅጠል አጭደን እደጃችን እናብላ። የአባ ሰንጋና የአባ ጎርባ ክትባትም በጊዜው ይሰጥ።

ገንዲን ደግሞ አንርሳ። በቆላ ዝንብ የሚተላለፈው ይህ በሽታ ብዙ ከብት ይፈጃል። የአገራችን የሸኮ ከብት ግን ከሌላው በተሻለ ይቋቋመዋል። ቁመቷ አጭር፣ ቀንዷም ትንሽ ወይም ጭራሹን የሌላት ይህች ላም ከሌሎች ዝርያዎች ጋር እየተዳቀለች ቁጥሯ እየመነመነ ነው። ድቅሏ ላም ብዙ ትታለብ ይሆናል፤ ገንዲ ባለበት ቀበሌ ከሞተች ግን ብድሩ አብሯት አይሞትም። ላም ስንመርጥ ይህን እናስላ።

ደጋፊዎቻችንም የላም መግዣ ስታስቡልን የበረቱን ቆርቆሮና የክትባቱን ወጪ አብራችሁ አስቡልን።